ከሐሙሲት እስከ ሀምቡርግ፦ የኮምፒውተር መምህራን መንገድ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ዓባይን የሚሻገረው የጎንደር አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ሐሙሲትን ያገኛል። ሐሙሲት የደራ ወረዳ የገበያ ከተማ ናት፤ ወደ አንበሳሜና ወደ እስቴ የሚወጣው መንገድም ከዚህች ይነሳል። አስፋልቱ ጉማራን ተሻግሮ ፎገራ ሜዳ ሲገባ የሩዝ ማሳ ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ቻይናውያን የሠሩት የወረታ-ወልዲያ መንገድ ነው፤ በደብረ ታቦር አድርጎ ጋይንትን ያቋርጣል።

ዛሬ በዚህ መንገድ ዳር ያደገ ተማሪ በኮምፒውተር ወይም በኮሙኒኬሽን ዘርፍ መምህርና ተመራማሪ ልሁን ቢል፣ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪውን ከጣና ዙሪያ ሳይርቅ ሊይዝ ይችላል። አያቱ በእሱ ዕድሜ ሳሉ ግን እንዲህ ያለ ሙያ በአገሪቱ ውስጥ አልነበረም። ሙያው እንዴት እንደመጣ፣ ማን እንደጀመረው፣ የትኛው ሥራ እንደቀረና የትኛው እንደጠፋ መከተል ያለፉትን 60 ዓመታት የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት በአንድ ጠባብ በር አጮልቆ እንደማየት ነው።

የምሁርነት ሕይወት ራሱ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የቤተ ክህነት ትምህርት ከፊደል ቆጠራና ከዳዊት ተነስቶ በዜማ፣ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ የሚያልፍ የራሱ መሰላል አለው። የቆሎ ተማሪው ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል፤ ዘርፉን ሲጨርስም የሚመሰከርለት በታወቀ ቦታ ነው። ድጓ የተማረ ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አምባ። ሁለቱም በዛሬው ደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ናቸው። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በእጁ ይገለብጣል፤ የገለበጠውንም ከመምህሩ ቅጂ ጋር እያስተያየ ያርማል። ቤተልሔም የከበረችውም ሁሉም ድጓውን የሚያመሳክርባት ቦታ በመሆኗ ነው። ይህ የማመሳከሪያ ጉዳይ በኮምፒውተር ምሁራን ታሪክም ወሳኝ ሆኖ ይመጣል።

ባዕድ ቴክኒክን በዚሁ ምድር ለማስተማር የተደረገው ሙከራም የቆየ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አውሮጳውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ አስቀለጡ፤ ወጣቶችም ሙያውን እንዲማሩ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ እዚያ ተሠራ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ሲሞቱ ግን ባለሙያዎቹ ተበተኑ፤ ሥራውን የሚያስቀጥል ተቋምም አልቀረም።

የቴሌኮሙኒኬሽን ዕውቀት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ነው። ስልክ በአፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባን ከሐረር አገናኘ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተጎዳውን መስመር መልሶ ለመዘርጋት የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1951 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 131 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ የሚፈልገው መስመር የሚዘረጋ፣ ማዞሪያ የሚጠግንና ሬዲዮ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበር፤ ይህንንም ራሱ ያሠለጥን ነበር። ትምህርቱ የሥራ ሥልጠና ስለነበር «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ? በሌላ መንገድስ ይቻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ባሕር ዳርም በዚያው መንፈስ ጀመረች። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የእርሻ ሜካኒክስ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪና የኤሌክትሪክ ቴክኒሺያኖችን ያወጣ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመምህራን ማሠልጠኛነት የፔዳጎጂ አካዳሚው ተከተለ። የከተማው ሰው ሁለቱን ግቢዎች እስከ ዛሬ «ፖሊ» እና «ፔዳ» ይላቸዋል። ሁለቱ ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነው የተመረቁት ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። የኮምፒውቲንግ ፋኩልቲው ዛሬ ያለው በፖሊ ወገን፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ሥር ነው፤ ሶቪየቶች የኤሌክትሪክ ቴክኒሺያን ያሠለጥኑበት የነበረው ተቋም ወራሽ ነው ማለት ይቻላል።

ኮምፒውተርን እንደ ምርምር ዘርፍ ያስጀመረው ተቋም ግን አዲስ አበባ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከልና በዩኔስኮ ድጋፍ ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤትን ከፈተ። ሰዎች በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ሲሳ» ይሉት ነበር። ስሙ እንደሚናገረው የታሰበው ለመላው አፍሪካ ነው፤ የሚያወጣቸውም በኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው የቤተ መጻሕፍት፣ የሰነድና የመረጃ ሥርዓት ባለሙያዎች ነበሩ።

ሲሳ ያመጣው ትልቁ ለውጥ በተማሪው ላይ የጣለው ግዴታ ነው። ለመመረቅ ጥናት መጻፍ፣ ለጥናቱም ጥያቄ ማግኘት ያስፈልጋል። በባዕድ አገር መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ለእንግሊዝኛ ተመልሰዋል፤ ለአማርኛ ግን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ወርቁ ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ለሁለተኛ ዲግሪያቸው ያቀረቡት ጥናት ኮምፒውተር የታተመ የአማርኛ ጽሑፍን ከምስል ላይ እንዴት ማንበብ እንደሚችል የሚመረምር ነበር። ለእንግሊዝኛ 26 ፊደላትን በትልቅና በትንሽ ቅርጻቸው መለየት ይበቃል፤ በአማርኛ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ቧ እና ጓ ያሉት ዲቃሎች፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ደግሞ ከ300 ያልፋል። አንዱን ፊደል ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በጎኑ ወይም በእግሩ ያለች አጭር መስመር ናት። ለአንባቢ ቀላል የሆነው ይህ ልዩነት ለማሽኑ ከባድ ፈተና ነው። ከወርቁ በኋላ ተማሪ በተማሪ ላይ እየተደገፈ በዚሁ ርዕስ ብዙ የመመረቂያ ጥናት ተሠራበት።

ፊደልን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ሰዎች ግን ብዙዎቹ የኮምፒውተር ፕሮፌሰሮች አልነበሩም። በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ዶክተር አበራ ሞላ የእንስሳት ሕክምና ሳይንቲስት ናቸው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. «ሞድኢት» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ሠሩ። ፍሥሐ አጥላው በኤችፒ የሚሠሩ መሐንዲስ ነበሩ፤ በዚያው ዘመን በራሳቸው ዳሽን ኢንጂነሪንግ በኩል የፊደል ሶፍትዌር አወጡ። በአገር ውስጥም እነ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ተከተሉ። ችግሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ቁጥር መስጠቱ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ በዚያ ዘመን በጽሕፈት ሥራ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ያስቆመው ዩኒኮድ ነው። የዓለምን ፊደላት በአንድ የቁጥር ሰንጠረዥ የሚያስቀምጠው ይህ መለኪያ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። ለዚህ ከሠሩት መካከል ፍሥሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ይገኙበታል። ለተመራማሪው የዩኒኮድ ጥቅም ከጽሕፈት ይልቃል፤ የአንዱ ጽሑፍ ለሌላው የምርምር ጥሬ ዕቃ ሊሆን የቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ዩኒኮድ ያልፈታው ችግርም አለ። በመግቢያው ያየናትን የገበያ ከተማ አንዱ «ሐሙሲት»፣ ሌላው «ሀሙሲት»፣ ሦስተኛው «ኃሙሲት» ብሎ ይጽፋታል። አንባቢ አይደናገርም፤ ኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ከተሞች አድርጎ ይቆጥራል። የአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ተማሪ ከሚያከናውናቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ ማምጣት ነው። የግዕዝ ሊቅ ቢያይ ያዝናል፤ ፍለጋው እንዲሠራ ግን መደረግ አለበት።

የኔትወርኩ ታሪክ ከዚህ ጎን ለጎን ሄደ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል በስልክ መስመር ኢሜይል የሚያደርስ አገልግሎት ጀመረ፤ በዚህ ሥራ ልሻን አዳም የሚታወቁ ናቸው፤ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። መልእክቱ በቀጥታ አይሄድም ነበር፤ ኮምፒውተሮቹ በተወሰነ ሰዓት እየተደዋወሉ የተጠራቀመውን ይለዋወጣሉ። ለተመራማሪዎች ግን ይህም ትልቅ ነገር ነበር፤ ደብዳቤ ሳምንታት በሚፈጅበት ዘመን ጽሑፍ በሌሊት ተልኮ መልሱ በማግስቱ ይመጣል።

ዶክተር ዳዊት በቀለ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከፈረንሳይ ቱሉዝ ይዘው ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ እንዲገባ የሚወተውት በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ባይት» የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ ጉዳዩን ለባለሥልጣናት ያስረዳ፣ ባለሙያዎችንም ያሰባስብ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ዳዊት በኋላ ከማስተማር ወጥተው የኢንተርኔት ሶሳይቲ የአፍሪካ ቢሮ ዳይሬክተር ሆኑ። የእሳቸው ታሪክ የዚያን ዘመን የኮምፒውተር መምህር ኑሮ ያሳያል፦ ጠዋት ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ ከሰዓት የሚያስተምረው ነገር በአገሩ እንዲኖር ይሟገታል።

በዘርፉ በአገር ውስጥ የዶክትሬት ትምህርት ስላልነበረ መምህራኑ ወደ ውጭ መሄድ ነበረባቸው፤ ጥያቄያቸውን ግን ከአገራቸው ይዘው ሄዱ። ነጋ ዓለማየሁ በእንግሊዙ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ከፒተር ዊሌት ጋር የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት የአማርኛን ቃል ወደ ሥሩ ስለመመለስ ነው። «ፈለገ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው «ስላልፈለጉት» እና «እንደምትፈልጓት» የሚሉትንም ማውጣት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ ከቃሉ መጨረሻ ሁለት ሦስት ፊደል በመቁረጥ ይገላገላል፤ አማርኛ ግን ከፊትም ከኋላም ይጨምራል፤ መሀሉንም ይለውጣል።

ሰሎሞን ተፈራ አባተ ወደ ጀርመን ሀምቡርግ ሄዱ፤ ጥያቄያቸው የተነገረ አማርኛን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ነበር። ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የተቀዳ ድምፅ ቢሆንም አልነበረም፤ ስለዚህ ራሳቸው አሰባሰቡ። 100 ሰዎች የተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮችን አንብበው 20 ሰዓት ያህል ንግግር ተቀዳ፤ ከአዲስ አበባ ሌላ የሌሎች አካባቢዎች አነጋገር ያላቸውም ነበሩበት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ማርታ ይፍሩም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተከትለው የቃል እርባታን መሠረት ያደረገ የአማርኛ የቋንቋ ሞዴል ሠሩ። ሁለቱም ተመልሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሌሎች ጋር ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛና ለወላይትኛ የንግግር ክምችት አቅርበዋል።

ሚሊዮን መሸሻ የሄዱት ወደ ሕንድ፣ ሃይደራባድ ነው። ወርቁ የጀመሩትን የምስል ንባብ ጉዳይ ከተመራማሪው ጃዋሃር ጋር ይዘው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ አማርኛ ሰነዶች ጥናት አሳተሙ። በስዊድኑ ሃልምስታድ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዘመን ሌላ ኢትዮጵያዊ የዶክትሬት ተማሪ በእጅ የተጻፈ የግዕዝ ፊደልን ስለመለየት ይሠራ ነበር። ከአራት የተለያዩ አገሮች የወጡት እነዚህ ጥናቶች ሁሉ የሚመለሱት ወደ አንድ ቋንቋና ወደ አንድ ፊደል ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ሌሎች የሠሩበት ግን በአገር ውስጥ የተሠራ አንድ ክምችት ይመስላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ምርምር ማዕከል ውስጥ እነ ግርማ ደመቀና መስፍን ጌታቸው የዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከልን 1,065 ዜናዎች ወስደው፣ 210,000 ያህሉን ቃላት አንድ በአንድ ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል፣ መስተዋድድ እያስባሉ ምልክት አስደረጉባቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሆነ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አዲስ ቀመር የለበትም፤ ሽልማትም አያስገኝም። ነገር ግን ለሌሎች ስለተሰጠ ከዚያ ወዲህ በአማርኛ የቃል ክፍል ላይ የሠራ ማንኛውም ተመራማሪ ለማለት ይቻላል ውጤቱን የሚለካው በእሱ ነው። የድጓ ተማሪ ቅጂውን ይዞ ቤተልሔም የሚሄደው ለዚሁ ነው፤ የጋራ ማመሳከሪያ ከሌለ የትኛው ትክክል እንደሆነ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክፍሎቹ ሞሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ማስፋፋት ጥቂት የነበሩትን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ አደረሳቸው። በአማራ ክልል ብቻ አሥር አሉ፤ አንዱ ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 70 ከመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ በመወሰኑ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች በአንድ ጊዜ በተማሪ ተጥለቀለቁ። መምህሩ ከየት ይምጣ? ከፊሉ ከሕንድ ተቀጥሮ መጣ፤ ሕንዳውያን መምህራን በንጉሡ ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለነበሩ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አልነበሩም። ከፊሉ ደግሞ ዲግሪውን ባለፈው ሐምሌ የተቀበለ ወጣት ነበር።

የዚያ ወጣት መሰላል እንዲህ ነው። ከክፍሉ አንደኛ ሁለተኛ የወጣው ግራጁዌት አሲስታንት ሆኖ ይቀራል፤ ላብራቶሪ ያሠራል፤ ፈተና ያርማል። ሁለተኛ ዲግሪውን ሲይዝ ሌክቸረር ይሆናል። ዶክትሬቱን ሲጨርስ ረዳት ፕሮፌሰር፤ በታወቁ መጽሔቶች ሲያሳትም፣ ሲያማክርና የአገልግሎት ዓመቱን ሲሞላ ተባባሪ ፕሮፌሰር፤ ከዚያም ፕሮፌሰር። በወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። በተግባር ግን ሌክቸረርነት ላይ የሚቆመው ብዙ ነው፤ አንዱ ነፃ የትምህርት ዕድል ይጠብቃል፤ ሌላው ወደ ባንክ ወይም ወደ ቴሌኮም ይሄዳል፤ ሌላው ለዶክትሬት ወጥቶ አይመለስም። የኮምፒውተር ሙያ ከሌሎች የዩኒቨርሲቲ ሙያዎች የሚለይበት አንዱ ነገር ተፎካካሪ አሠሪዎቹ ከግቢው በር ውጭ መቆማቸው ነው፤ የሚከፍሉትም ይበልጣል።

ተማሪዎቹም ቢሆኑ ከኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ጋር የተዋወቁት ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በሳተላይት የሚተላለፈው የ«ፕላዝማ» የቴሌቪዥን ትምህርት የብዙዎቹ የመጀመሪያ ትዝታ ነው። በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት፣ ጥያቄ ሳይቀበል የሚያስተምር ስክሪን ነበር። የሚያስተምረውን ለማስቆም አይቻልም፤ ደቂቃው ሲያልቅ ምዕራፉ ያልፋል። ከዚያ ክፍል ወጥተው በኋላ የኔትወርክና የቋንቋ ቴክኖሎጂ መምህር የሆኑት ሰዎች ቴክኖሎጂ ከተማሪው ቋንቋ ጋር ካልተገናኘ ምን እንደሚሆን በራሳቸው ላይ አይተዋል።

የተገላቢጦሹ ምሳሌ ከፎገራ ማሳ ራሱ ይገኛል።  የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው 8028 የስልክ መስመር ገበሬው ኢንተርኔት ሳያስፈልገው፣ በተራ ስልክ ደውሎ፣ ቁጥር እየጫነ ምክር በራሱ ቋንቋ የሚያዳምጥበት ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ከመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች ነበሩ። ኢንጂነሪንጉ አልተወሳሰበም። ያሠራው ድምፁና ቋንቋው ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው ያዳምጣል።

ባሕር ዳር በዚህ ታሪክ ውስጥ ከአሥር ዓመት ወዲህ የራሷን ስም አስመዝግባለች። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ስለ ኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ለአፍሪካ ልማት የሚመክር ዓለም አቀፍ ጉባኤ በከተማዋ ተካሄደ፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ተደገመ። በእነዚህ ጉባኤዎች ሌክቸረሮችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጥናታቸውን ለማቅረብ ቪዛ አላስፈለጋቸውም፤ ከሚኒባስ ወርደው አዳራሽ ገቡ።

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የወጡት ብርሃኑ በላይ በጀርመን ካይዘርስላውተርን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሲማሩ እ.ኤ.አ. በ2019 ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ337,000 በላይ የአማርኛ መስመሮች ምስል ያለበትን የምስል ንባብ ክምችት አወጡ። ከ40,000 በላይ የሚሆኑት ከታተመ ወረቀት የተነሱ ናቸው፤ ቀሪዎቹ በኮምፒውተር ተሠርተዋል። የተጠቀሙባቸው የፊደል ቅርጾች ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ነበሩ። ከ20 ዓመት በፊት የጽሕፈት ሠራተኛውን ያስጨነቁት እነዚያው ፕሮግራሞች ለማሽኑ መማሪያ ሆኑ ማለት ነው። ከዚያ ብርሃኑና ባልደረቦቻቸው፣ የባሕር ዳር ተመራማሪዎችም ያሉበት ቡድን፣ ወደ ብራና ተመለሱ። ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፉ ሰነዶች 1,700 ገጽ ያህል ወስደው 80,000 የሚጠጉ የመስመር ምስሎችን ከነንባባቸው አዘጋጁ። ይህ ለግዕዝ የእጅ ጽሑፍ እንደ ዋልታው ክምችት የጋራ መለኪያ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። እነዚህን ብራናዎች የጻፉትን እጆች ሥራ ተመራማሪው በኮምፒውተር አልተካውም፤ የሚነበብበትን በር ከፈተለት።

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ከሀምቡርግ የተውጣጡ ተመራማሪዎችም በአማርኛ የተጻፉ የማኅበራዊ ሚዲያ መልእክቶችን እየሰበሰቡ ስሜታቸውንና የጥላቻ ንግግር መሆን አለመሆናቸውን ይለያሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ሰውን ይፈትናል፤ አንዱ ስድብ ብሎ የመደበውን ሌላው ቀልድ ይለዋል፤ መዳቢው ማን መሆኑ ውጤቱን ይለውጠዋል። ሥራውን ያከበደው ሌላው ነገር የኔትወርኩ ራሱ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኢንተርኔትን ለሚያጠና ተመራማሪ ጥናቱ በድንገት ከእጁ ወጣ።

ከሌላው ዓለም የመጣው ለውጥም አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉግል አማርኛን ወደ መተርጎሚያው ጨመረ። አሁን ያሉት ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ደግሞ በብዙ ቢሊዮን ቃላት ይሠለጥናሉ። በዚህ ውድድር ውስጥ አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የማስላት አቅም አይኖረውም፤ ይኖረዋል ብሎ ማሰብም ሞኝነት ነው። የሚኖረው ሌላ ነገር ነው፦ የሐሙሲት ገበያ ላይ የሚነገረውን አማርኛ የሚሰማ ጆሮ፣ የጋይንትን ብራና የሚያነብ ዓይን፣ እነዚህን ቀድቶና አርሞ ማመሳከሪያ ማድረግ የሚችል ተማሪ።

የዚህ ሙያ የ30 ዓመት ታሪክ የሚያሳየውም ይኸው ነው። በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ብዙ የመመረቂያ ጥናት አለ፤ አብዛኞቹ «ክምችቱን ራሴ ሰበሰብኩ» ይላሉ። ክምችቱ ግን ጥናቱን አይከተልም፤ ተማሪው ሲመረቅ በላፕቶፑ ውስጥ ይሄዳል፤ ላፕቶፑ ሲበላሽ ያልቃል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ያንኑ ዳግም ይሰበስባል። በዓለም ፊት የቀሩት የአማርኛ ሥራዎች ለሌላው የተሰጡት ናቸው፦ የሰሎሞን 20 ሰዓት ድምፅ፣ የዋልታ 210,000 ቃላት፣ የብርሃኑ ምስሎች። ጥቅስ የሚያገኙት፣ ሌላ ተመራማሪ የሚጠራቸው፣ የመምህሩንም ስም ከደረጃ ዕድገት ሰንጠረዥ በላይ ያወጡት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች የሚጠበቀው ከባድ ነገር አይደለም። የመመረቂያ ጥናት ሲቀበሉ የተሰበሰበውን ክምችት፣ የተሠራውን ፕሮግራምና የአጠቃቀም ማብራሪያውን አብረው ይቀበሉ፤ የግለሰቦችን ምስጢር የሚነካውን ለይተው ሌላውን ለሁሉም ይክፈቱ። የመምህርን የዕድገት ጥያቄ ሲመለከቱም የታተመ ጽሑፍን ብቻ ሳይሆን ሌሎች የተጠቀሙበትን ክምችት ይቁጠሩ። ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ የትምህርት ክፍል ስብሰባ ተቀምጦ ሊወስነው ይችላል።